የወይዘሮ ኤርሜሊንዳ የወገብ ሕመም

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም.፣ በኤፕሪል ወር መግቢያ፣ በብራዚል ምድር በባሂያ ግዛት የፓራጓሱ ወንዝ እንደዚያ ዓመት ሞልቶ አያውቅም፤ ዓሣው ከወንዙ ወጥቶ በገበያው ደረጃ ላይ ይመላለስ ነበር ቢባል ከሳን ብራስ ከተማ ሰው ማንም አያስተባብልም። የከተማይቱ የትምባሆ ሽታ እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ መርከበኞች ወደቡን በዓይናቸው ሳይሆን በአፍንጫቸው ያገኙት ነበር፤ አራስ ሕፃን ሳይቀር ጡት ከመያዙ በፊት ሁለት ጊዜ ያነጥስ ነበር። በወንዙ ዳር የቆመው የሲጋር ፋብሪካ ስድስት መቶ ሴቶች ነበሩት፤ ሌላ ሰው አራት መቶ ይል ይሆናል፤ ሌላው ሰው ግን እንደ እኔ አልቆጠራቸውም።

እነዚህ ሴቶች ከማለዳ ደወል እስከ ማታ ደወል በረጅሙ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ቅጠል ሲጠቀልሉ፣ ልጆቻቸው ከጠረጴዛው ሥር በባዶ የትምባሆ ሣጥን ውስጥ ይተኙ ነበር። በሣጥኑ ጎን ላይ «ምርጥ ቅጠል» የሚል ማኅተም አለ፤ የሳን ብራስ ድኻ ሁሉ ከዚያ ማኅተም ሥር ነው ያደገው።

በከተማይቱ ምክር ቤት ከነበሩት ዘጠኝ ወንበሮች በአንዱ ላይ ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ቦንፊም ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በፊት ሴትም ጥቁርም ተቀምጦበት የማያውቅ ወንበር ነው፤ ሁለቱ በአንድ አካል ሲመጡበት ወንበሩ ራሱ ሲጢጥ ብሎ እንደ ደነገጠ ይነገራል። አርባ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ባሏን ቀብራለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲጋር ጠቅልላለች። ፊደል የቆጠረችው በየሲጋሩ ወገብ ላይ ከሚጠመጠመው ባለ ወርቅ ቀለም ወረቀት ላይ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት «ልዩ»፣ «እውነተኛ» እና «ለክቡራን ብቻ» ከሚሉት ቃላት በቀር ማንበብ አትችልም ነበር። በሕጉ ፊደል ያልቆጠረ አይመርጥምና፣ ስድስት መቶዎቹ ሴቶች ከጥቂቶቹ በቀር አልመረጧትም፤ ማንበብ የሚችል ሰው ቤት ለቤት እየዞሩ፣ አንዱን በልመና አንዱን በስድብ ወደ ምርጫው ሣጥን እየነዱ፣ በመቶ ስድሳ አንድ ድምፅ አስገቧት።

በመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት ከአባላቱ አንዱ፣ ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው፣ የውኃውን ማንቆርቆሪያ ዘርግቶ ሰጣት፤ እንድትቀዳላቸው ነው። ኤርሜሊንዳ ተቀበለችው፤ ለራሷ ብርጭቆ ቀዳች፤ ጠጣች፤ ማንቆርቆሪያውንም ወደ ነበረበት መለሰችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምንቱ ወንዶች ለሦስት ዓመት ያህል በጥም ተሰቃይተዋል። የሠራተኛው ማኅበር ሊቀ መንበርም «አሁን የደመወዙ ጊዜ ነው፤ የሴቶቹ ነገር ቀስ ብሎ ይደርሳል» ቢላት፣ «ምጡም እንዲያ ቀስ ቢል ጥሩ ነበር» አለችው።

የምክር ቤቱ ጸሐፊ አቶ ፕላሲዶ ይባል ነበር። ይህ ሰው፣ ሰው ማስቀየምን ከነፍስ ግድያ እኩል የሚያይ፣ ሌባ ቤቱ ቢገባ «ደክሞዎት ይሆናል፣ ይቀመጡ» የሚል፣ በጨዋነቱ በሰባት ወረዳ የታወቀ ነው። በሳን ብራስ ደግሞ ሰውን በፊቱ ጥቁር ማለት ስድብ ነበርና፣ ጨዋ የሆነ ሁሉ የሚያከብረውን ሰው መልኩን አንድ ሁለት ደረጃ አቅልቶ ይጠራዋል። አቶ ፕላሲዶም በአባላቱ መዝገብ ላይ ስሟንና ዕድሜዋን ከጻፈ በኋላ፣ በመልክ ረድፍ «ጠይም» ብሎ ሞላ።

«ምን ብለው ጻፉ አቶ ፕላሲዶ?» አለችው።

«ምንም አይደል እመቤቴ። ጠይም ነው ያልኩት።»

«ዓይንዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«እንግዲያው ያዩትን ይጻፉ። ጥቁር ነኝ።»

«እንዴት አድርጌ፤ እርስዎን የመሰለ ሰው። ይሄ እኮ መቶ ዓመት የሚቀመጥ መዝገብ ነው።»

«ለዚያ እኮ ነው።»

አቶ ፕላሲዶ ሰርዞ «ጥቁር» ብሎ ጻፈ፤ ነገር ግን ቃሉን ከማፈሩ የተነሣ እጅግ አሳንሶ ስለ ጻፈው እስከ ዛሬ ያለ ማጉያ መነጽር አይነበብም።

በዚያ ኤፕሪል የምክር ቤቱ ሊቀ መንበርና የፋብሪካው ባለቤት ኮሎኔል ኤቫሪስቶ ጋልቫዎ ኤርሜሊንዳን ወደ ቤቱ አስጠራት። ኮሎኔልነቱ የማዕርግ ስም ነው እንጂ ጦር ሜዳ ያየው በሥዕል ነበር፤ ቁመቱ ግን የሠራዊት ያህል ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ባርኔጣው በሩን እንዳይመታ ጎንበስ የሚለው እርሱ ሳይሆን አገልጋዩ ነው ይባላል። ኤርሜሊንዳ በፊት ለፊቱ በር ገባች። የእርሷ ዓይነት ሰው በዚያ በር ሲገባ ታይቶ አይታወቅምና፣ የወጥ ቤቱ ሴቶች ሁሉ ለማየት ወጥተው በዚያ ቀን ባቄላው አረረ።

ኮሎኔሉ የካሹ ፍሬ ጭማቂ አቀረበላት፤ ከዚያም የሐውልቱን ሥዕል በጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ራሷን በሻሽ ያሰረች ሴት ሕፃን ታቅፋ ታጠባለች፤ ከሥሯ በትልልቁ «ላጠባችን ጥቁር እናት» የሚል ጽሑፍ አለ። ባርነት የቀረበት ቀን ሜይ 13 ነውና፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ዕለት በአደባባዩ መካከል ሊያቆማት ነው።

«አያትሽ ናት» አለ ኮሎኔሉ፤ ዓይኑም በእውነት እንባ አቀረረ። «ፌሊስሚና። እናቴ ወተት አልነበራትም፤ እኔን ያቆመችኝ እሷ ናት። እኔና እናትሽ በአንድ ዓመት የተወለድን፣ የአንድ ጡት ልጆች ነን።»

«አንዱ ጡት የእርስዎ ነበር፤ ሁለተኛውም የእርስዎ ነበር» አለች ኤርሜሊንዳ በእርጋታ። «እናቴ የጠጣችው የካሳቫ ዱቄት ውኃ ነው።»

ይህ እውነት ነው። የነፃነቱ አዋጅ ከወጣ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ወሬው ግን ለጡቲቱ አልደረሳትም። ፌሊስሚና ጠዋት ከልጇ ተነጥላ ወደ ትልቁ ቤት ትሄዳለች፤ ልጅቱ ከጎረቤት ሴት ዘንድ በቁራጭ ጨርቅ የተነከረ የዱቄት ውኃ ትጠባለች። የኤርሜሊንዳ እናት ከዚያ የተነሣ እግሯ ተወላግዶ አደገች፤ ኮሎኔሉ ግን በቁመቱ ዘንባባ አከለ።

ኮሎኔሉ የተነገረውን እንዳልሰማ አለፈውና ጉዳዩን አመጣ። በሳን ብራስ ልማድ ለመታሰቢያ የሚሰጥ ድምፅ አንድ ሰው ሊጎድለው አይገባም፤ የጎደለበት መታሰቢያ እንደ መርገም ይቆጠራል። ስለዚህ የኤርሜሊንዳ ድምፅ ያስፈልገዋል። በለውጡም፣ እርሷ ለዓመት ያህል ስትጮህበት የነበረውን የሕፃናት መዋያ፣ ከወንዙ ዳር ያለውን ባለ ሁለት መስኮት መጋዘን ለሲጋር ጠቅላዮቹ ሕፃናት ይሰጣል፤ በዚያው ስብሰባ በሁለተኛ አጀንዳነት ያጸድቀዋል።

«አንዲት ነገር ያስተካክሉልኝ» አለች ኤርሜሊንዳ። «ያቺን 'ን' ያውጡልኝ። 'ላጠባች ጥቁር እናት' ይበል።»

«ያለ 'ን' ማንን አጠባች ሊባል ነው?»

«እኔም የምጠይቀው እሱን ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ለአንዲት ፊደል ነው የምትከራከሪኝ?»

«ስብሰባ ላይ 'እርስዎ' ይሉኛል፤ እዚህ 'አንቺ' ሆንኩ። መሃል ላይ ያለው በር ብቻ ነው እንዴ ኮሎኔል?»

ኮሎኔሉ ሳቀ። መጥፎ ሳቅ አልነበረም፤ የሚወዳትን ነገር የነኩበት ሰው ሳቅ ነበር። «'ን' አትወጣም» አለ። «እኔን አጥብታኛለች፤ እኔ ማለት ደግሞ ከተማይቱ ነኝ። እስከ ሐሙስ ድረስ አስቢበት።»

በማግስቱ ኤርሜሊንዳ በምሳ ዕረፍት ሰዓት ወደ ፋብሪካው ሄደች። በጠረጴዛው ጫፍ የምትቀመጠው ጆቪና ነበረች፤ ከባሂያ እስከ ሃቫና እንደ እርሷ ሲጋር የሚጠቀልል እጅ አልተፈጠረም፤ የጠቀለለችውን ያጨሰ ጳጳስ ቅዳሴ እንደ ረሳ ሰምቻለሁ። ከእግሯ ሥር በሣጥኑ ውስጥ ሰባት ወር የሆነው ልጇ ቲቡርሲዮ ተኝቷል፤ ክርስትና ያነሣችው ኤርሜሊንዳ ናት።

«መጣሽ አበልጄ? ተቀመጪ እንዳልልሽ ወንበሩን ይዘሽው ሄደሻል» አለች ጆቪና፣ እጇን ሳታቆም። ጎረቤቶቿ ሳቁ።

«ቲቡ እንዴት አደረ?»

«እንደ ሽማግሌ ሲስል አደረ። የቀረው ፂም ብቻ ነው።»

ኤርሜሊንዳ ሕፃኑን አነሣችው፤ በጉንጩ ላይ የተለጠፈች የቅጠል ቁራጭ ነበረች፤ በአውራ ጣቷ ላጠችለት። ከዚያም የኮሎኔሉን ነገር ነገረቻት።

«ባለ መስኮቱን መጋዘን?» ጆቪና መጠቅለሏን አቆመች፤ በዓመቷ የመጀመሪያዋ ማቆም ሳትሆን አትቀርም። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሐውልቱ ላይ አንዲት ቃል አለች።»

«በጠቅላላው ስንት ቃል ነው?»

«ሦስት።»

«ሁለቱን ወደሻቸዋል ማለት ነው። ለአንዷ ነው እንግዲህ ልጄ ሣጥን ውስጥ የሚያነጥሰው?»

«ጆቪና፣ ቃሏ 'ን' ትላለች። እኛን ሁሉ አጠባች ትላለች። እኔን አላጠባችኝም፤ እናቴን አላጠባቻትም፤ አንቺን ማን አጠባሽ? እሱን ከደገፍኩ እኮ የእናቴን እግር ደህና ነበር ማለቴ ነው።»

«እናትሽን አውቃታለሁ፤ ነፍሷን ይማር። በእግሯ መሃል በርሜል ይንከባለል ነበር።» ጆቪና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን አበልጄ፣ እናትሽ ሞታለች። ቲቡ አለ።»

ኤርሜሊንዳ ሕፃኑን ወደ ሣጥኑ መለሰችው።

«እኔ አልመረጥኩሽም» አለች ጆቪና። «ፊደል ለማይቆጥር አይፈቀድም አሉ። ግን አሥራ አንድ ማንበብ የሚችል ሰው አምጥቼልሻለሁ፤ እግሬ እስኪያብጥ ዞሬ። አንዱ ያ ሰካራሙ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እሱን ለማምጣት ምን ምን እንደ ሰማሁ አንቺም አታውቂም።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ተናገሪ አላልኩሽም፣ አጨብጭቢ አላልኩሽም። ሐሙስ ዕለት ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ፤ በቃ።»

ጆቪና ይህን ያለችው ያለ ነገር አልነበረም። በምክር ቤቱ ሥርዓት ሊቀ መንበሩ «የሚደግፉ አባላት ባሉበት ይቆዩ» ይላል፤ የሚደግፍ ተቀምጦ ይቀራል፤ የሚቃወም ይቆማል። እጅ ማውጣትም የለ፣ ቃል መስጠትም የለ። ኤርሜሊንዳ እንድታደርገው የተለመነችው ምንም ነገር አለማድረግን ነበር።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ስብሰባው ተከፈተ። ሙቀቱ በጠረጴዛው ላይ ያለው ቀለም በብልቃጡ ውስጥ እስኪፈላ ድረስ ነበር። በአደባባዩ የከተማው የሙዚቃ ጓድ ተሰልፎ፣ ጭብጨባ እንደ ሰማ ጥሩንባውን እንዲነፋ ታዝዞ ይጠባበቃል። ኤርሜሊንዳ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ የመዋያውን ወረቀት በጉልበቷ ላይ አኑራ፣ ለመቀመጥ ቆርጣ ነበር የመጣችው፤ ይህን በሐሰት የምጨምረው አይደለም፤ ጠዋት በቅዱስ ብላዚዮስ ሥዕል ፊት ሻማ አብርታ «አስቀምጠኝ» ብላ ለምናለች።

አቶ ፕላሲዶ የሐውልቱን ጽሑፍ በሚያምር ድምፁ አነበበ። «ላጠባችን ጥቁር እናት።» ከአባላቱ አንዱ አፍንጫውን ተናፈጠ። ኮሎኔሉ ደረቱን በመሐረብ ዳበሰና፣ «የሚደግፉ አባላት ባሉበት ይቆዩ» አለ።

ያን ጊዜ የኤርሜሊንዳ ጉልበት ሳታዘው ተነሣ። ወረቀቱ ከላይዋ ወደቀ። ቆመች።

«ተቃውሞ አለኝ» አለች።

ስምንቱ ሰዎች አዩዋት። ለኮሎኔሉ ያቺ ቅጽበት ከትውልድ የረዘመች ሳትሆንበት አትቀርም፤ የእናቱን ያህል የሚወዳት ሴት መታሰቢያ፣ በገዛ የልጅ ልጇ አንድ ድምፅ ሊጎድልባት ነው። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት በስብሰባ የኖረ ሰው ነበርና፣ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ማጨብጨብ ጀመረ። «ለጥቁር እናታችን» አለ። ሰባቱም ብድግ ብለው አጨበጨቡ። አደባባዩ ላይ ያለው ጓድ ጭብጨባውን ሲሰማ ጥሩንባውን ለቀቀው፤ የዚያን ቀን የተነፋው ጥሩንባ ከወንዙ ማዶ ሁለት በቅሎ እንዳስበረገገ ባለቤቶቹ ከስሰዋል።

«እቃወማለሁ» አለች ኤርሜሊንዳ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየ እንጂ ድምፅዋን የሰማ የለም። ዙሪያዋን አየች፤ ሁሉም ቆሟል፤ መቆሟ ከመቆማቸው የሚለይበት ነገር አልነበረም። ከእነርሱ ጋር ቆሞ መታየት አስጠላት። ስለዚህ ተቀመጠች።

ሙዚቃው ሲያበቃ አቶ ፕላሲዶ ብዕሩን በቀለም ነክሮ ቀና አለ። በመላው አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ቢኖር አንድ ነው፤ የተቀመጠ ደግሞ ደጋፊ ነው። የቀሩት ስምንቱ እያጨበጨቡ ነው። አቶ ፕላሲዶ በጥሩ የእጅ ጽሑፉ «በሙሉ ድምፅ፣ በጭብጨባ» ብሎ ጻፈ።

ሁለተኛው አጀንዳ ተነሣ። ኮሎኔሉ ጭብጨባው ያቀላውን እጁን እያሻሸ፣ «ይህ ወረቀት የመጣው በመግባባት ነበር፤ መግባባቱ ፈርሷል፤ ላልተወሰነ ጊዜ ይቆይ። የሚደግፉ ባሉበት ይቆዩ» አለ። ስምንቱ ተቀመጡ። ኤርሜሊንዳ ብቻዋን ቆመች፤ በዚህኛው ጊዜ ጥሩንባ አልተነፋም፤ መቆሟን ዓለም ሁሉ አየው። አቶ ፕላሲዶም ጻፈው፤ ቃል ማብዛት ስለማይወድ ግን በአጭሩ «የሕፃናት መዋያ ጉዳይ፤ ተቃዋሚ አንድ፣ ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ» ብሎ ነው የጻፈው።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ቢሮው ሄደች።

«አቶ ፕላሲዶ፣ ቆሜ እቃወማለሁ ማለቴን አይተዋል።»

«ሲቀመጡም አይቻለሁ እመቤቴ።»

«መቆሜን ነው የምልዎ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ልንገርዎ?» አለ በሹክሹክታ። «አይቻለሁ። ግን የልጅ ልጆቻችን ይሄን መዝገብ ሲከፍቱ፣ ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ጥቁር እናትን ተቃወመች እንዲሉ አልፈለግሁም። ደግ ነገር ያደረግሁልዎ መስሎኝ ነበር። እስቲ ይተዉት።»

«የመዋያውስ? ተቃወመች ብለው ጽፈዋል እኮ።»

«እሱማ ቆመው ነበር።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ጠየቀች። ኮሎኔሉ በትሕትና፣ በ«እርስዎ»፣ ጥያቄዋን ለድምፅ አቀረበው፤ «ቃለ ጉባኤው እንዳለ ይጽደቅ የሚሉ ባሉበት ይቆዩ» አለ። ስምንት ሰው ተቀምጦ ቀረ።

ሐውልቱን የሚሠራው ቀራጺ ከሳልቫዶር ሲመጣ፣ አቅፋ የምትቆምለት ሴት ፈለገ፤ ፋብሪካው ጆቪናን ሰጠው። ሦስት ሳምንት በኮሎኔሉ ግቢ በማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር ትራስ ታቅፋ ቆመች፤ ትራሱ ሕፃን መሆኑ ነው። ቲቡ በሣሩ ላይ ተነጥፎለት ይጫወት ነበር፤ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አንድ ጊዜ ስንኳ አልሳለም። ሥራው ሲያልቅ ትራሱ ወደ ቤት፣ ቲቡ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ፤ ሳሉም በዚያው ሳምንት ተመለሰ።

ኤርሜሊንዳ በገበያ ስታገኛት ጆቪና መንገድ አልለወጠችም። «አበልጄ» አለቻት፤ «ድንጋዩ ሦስት ሳምንት ሰጠን። አንቺ ስንት ሰጠሽን?»

ኤርሜሊንዳ ስለ ጥሩንባው ልትነግራት አሰበች፤ ስለ መዝገቡ፣ ስለ ስምንቱ ሰዎች። ሁሉም እውነት ነበር፤ ከሁሉም ግን አንዱም መስኮት አልነበረውም። የገዛችውን ዓሣ ከሻጩ ተቀብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ በኋላ በቀሯት ሁለት ዓመታት ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ በምክር ቤቱ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። ስብሰባው ከተከፈተ ጀምሮ እስኪዘጋ፣ ለመንገድ ጥገናም ቢሆን ለበዓል ርችትም ቢሆን፣ ከወንበሩ ጎን ቆማ ትቀራለች፤ የምትደግፈው ነገር ሲመጣ «እደግፋለሁ» ብላ በአፏ ትናገራለች፤ አጨብጭበው ቢነሡም ቆማ ነው የሚያገኟት። አባላቱ ተሳቀቁ። አቶ ፕላሲዶ ግን እንደ ልማዱ መፍትሔ አገኘለት፤ በየቃለ ጉባኤው መጨረሻ «ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ በወገብ ሕመም ምክንያት ቆመው ተሳትፈዋል» ብሎ ጻፈ። አርባ ሦስት ስብሰባ፣ አርባ ሦስት ጊዜ።

እንደ አውሮፓውያኑ በ1950 ዓ.ም. ሜይ 13 ሐውልቱ ተመረቀ። በእግሩ ሥር የዘጠኙ አባላት ስም በወርቅ ቀለም ተቀርጿል፤ የእርሷ ስምንተኛ ነው፤ ፊደሉ አልተሳሳተም። ከእርሱም በላይ «ላጠባችን» ይላል፤ 'ን' ከሁሉ ይልቅ ታበራለች፤ ቀራጺው በመስመሩ ጫፍ ቦታ ስለ ተረፈው አስረዝሞ ቀረጻት። ቲቡርሲዮ አድጎ ፊደል ቆጠረ፤ ደረቱ ግን መቼም አልጠራም፤ በአደባባዩ ሲያልፍ በድንጋይ ከተቀረጸው የእናቱ ፊት ሥር ቆም ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል።

ያቺን ከተማ የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬ መዝገቡን ይከፍታሉ። ስለ መጀመሪያይቱ ሴት የምክር ቤት አባል የሚያገኙት፣ መልኳ በማጉያ መነጽር የሚነበብ መሆኑን፣ ሐውልቱን መደገፏን፣ የሕፃናት መዋያውን መቃወሟን፣ ወገቧንም አጥብቆ ያማት እንደ ነበረ ነው። ለበዓሉ በሚታተመው ትንሽ መጽሐፍ ላይም እንዲሁ ተጽፏል፤ ሕመሟን ችላ ሕዝቧን ማገልገሏም ተመስግኗል።

ወገቧ እስከ ዕለተ ሞቷ ደህና ነበር።